የአንቶንዮ ግለ ታሪክ

እናቱ ወይዘሮ አገርነሽ የሚሉት እንዲህ ነው፦ በጣልያን ጊዜ ምጥ ጠንቶባቸው መራዊ መንገድ ዳር ወድቀው ሳሉ አንድ ጣልያን ሹፌር የአለቃውን ትእዛዝ ጥሶ በካሚዮኑ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ አደረሳቸው፤ ልጃቸውንም በሱ ስም አንቶንዮ አሉት። የልጃቸው መሥሪያ ቤት ካድሬ ወልደ ሐዋርያት የሚለው ደግሞ ሌላ ነው፦ ስሙ ባንዳ አባቱ ለጣልያኖች ያቀረበው እጅ መንሻ ነው።

አንቶንዮ አስማማው ጣና ዳር ባለው የጀልባ ጥገና ሃያ ዓመት ሞተር ሲፈታ ሲገጥም ኖሯል። በ1971 ዓ.ም. ሠራተኛው የክፍሉ ኃላፊ እንዲሆን መረጠው። ሹመቱ የሚጸድቀው ግን ግለ ታሪኩ በስብሰባ ተነቦ ሲታመንበት ነው። ስሙ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረው እዚያ ነው። እርግጥ ራሱም ስሙን ወዶት አያውቅም፤ አጎቱን የገደሉት ጣልያኖች ናቸው።

“ወይ ስምህን ለውጥ፣ ወይ ሹመቱን እርሳው” አለ ካድሬው። ለምስክርነት የተጠሩትን ወይዘሮ አገርነሽን በአገጩ እያመለከተ “እሳቸውና ሹፌሩ መንገድ ላይ ምን እንዳወጉ እኛ በምን እናውቃለን?” ሲል ጨመረ።

ጥቂቶች ሳቁ። አንቶንዮ ጣቱን ቀሰረበት።

“እናቴን በአፍህ አታንሣ!”

ገላጋይ ሆኖ የተነሣው የአንቶንዮ ጎረቤት፣ እሱም ለምስክርነት የተጠራው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አምሐ ነበር። “ስሙን ከመጽሐፍ ፈልጌዋለሁ። የጥንት ሮማውያን የቤተሰብ ስም ነው፤ ትርጉሙ በእርግጥ አይታወቅም። ዓለም የወደደው ግን በግብጻዊው መነኩሴ በአባ እንጦንስ ምክንያት ነው።”

“ደግሞ ገዳም ልታስገባን ነው?” አለ ካድሬው።

“ቪቫልዲ የሚባል ሙዚቀኛም አለ።”

“እንጨፍርበታ!”

“አንቶንዮ ግራምሺም አለ። የኢጣሊያ ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ፣ ፋሽስቶች ያሰሩት።”

የካድሬው ፊት በራ። “ታዲያ እስካሁን ምን ዘጋህ? ጓድ አንቶንዮ፣ ‘አባቴ በጓድ ግራምሺ ስም ሰየመኝ’ ብለህ ጻፍ። አሁኑኑ አጸድቅልሃለሁ።” እስክሪብቶውን ዘረጋለት።

“አባቴ የዚህን ሰው ስም ሰምቶም አያውቅ።”

“ሞቷል፤ ማን ይጠይቀዋል?”

“እናቴ አለች።”

ወይዘሮ አገርነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። “ተው ልጄ፣ እንጀራህ ነው። የሚሉህን ጻፍላቸው። እኔስ የሆንሁትን ፈጣሪ ያውቃል።”

አንቶንዮ አያቸው። ቅድም የባንዳ ልጅ ያለው አፍ አሁን ጓድ ይለዋል፤ በሁለቱም ግን እናቱ ውሸታም ናቸው። ተነሣ።

“ሹመቱ ይቅርብኝ” አለ፣ ከኋላ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “ስሜ አንቶንዮ ነው። ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ የሹፌሩን ውለታ ለመመለስ። ይኸን ጻፍ።”