በማለዳ የመጡ ሽማግሌዎች

፩

ያንኳኩት እነማን ነበሩ?

ቆይ። ከዚህ መጀመር የለብኝም። በራችንን ሳታውቅ ያንኳኩትን ብነግርህ ምንም አይገባህም።

፪

ቤታችን ለሚመጣ ሰው፦

በጠዋት አትምጣ። ፀሐይ በደንብ ትውጣ፣ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል መንገዱን ይሙላው፣ ያኔ ና። በሩን አታንኳኳ። ከአጥር ውጭ ሆነህ ጮክ ብለህ ተጣራ፣ ብትችል እየሳቅህ። ነጠላ ከለበስክ አውልቀህ ክንድህ ላይ ጣል አድርጋት። ሦስት ሆናችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለታችሁ ለጊዜው ዞር በሉ።

አሰላ ውስጥ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለንም። ወተት የምታመጣልን ሴት እንኳ እናቴን የምትጠራት ከመንገዱ ማዶ ነው። «እማዋይሽ! ወተት ነው! ወተት ብቻ ነው!»

፫

ምክንያቱ አንድ ሰው ነው። ጥላዬ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም።

በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ዘመተ። ጦርነቱ አለቀ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሌሎቹ እግራቸውን እየጎተቱ ተመለሱ። እሱ አልተመለሰም። ሞቷል ያለም ሰው የለም።

ሰው ሲሞት መርዶ አለ። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ያረዳሉ፤ ከዚያ ይለቀሳል። ሳይረዱ ማልቀስ ሟርት ነው። አያቴ ስትሞት ለእናቴ የተወችላት ኑዛዜም ይኸው ነበር፤ «መርዶ ሳይመጣ እንዳታለቅሺበት።»

እናቴ አላለቀሰችም።

ለማንም።

ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፣ ዓይኗ እንደደረቀ ተቀምጣ ትመለሳለች። ልበ ደንዳና የሚሏት አሉ። አባቴ ሲሞት እንኳ ከንፈሯን ነክሳ ቀበረችው። አንዴ ከጀመርኩ ለወንድሜም ይተርፋል ብላ ፈርታ ነው።

፬

«አንቺን ምን አገባሽ? ሳትወለጂ የዘመተ ሰው!» ትለኝ ይሆናል። ሌሎችም ብለውኛል። ብቻ ይናፍቀኛል።

በልጅነቴ እናቴ ተረት አውርታልኝ አታውቅም። ያወራችልኝ ጥላዬን ነው። ትከሻው ላይ አፈናጦ ወደ ገብሱ ማሳ እንደሚወስዳት። እሸቱን በመዳፉ አሽቶ፣ እፍ ብሎ ገለባውን አብንኖ፣ አረንጓዴውን ፍሬ እንደሚያጎርሳት። በመንገድ እያፏጨ ሲመጣ ውሾቹ ከእሷ ቀድመው እንደሚሮጡ። ዛሬ ከማሳው ግማሹ ላይ ቤት ተሠርቶበታል። በቀረው በኩል ገብሱ ሲያሸት እሄድና አሽቼ እበላለሁ። ይጣፍጣል። ግን የሚያጎርሰኝ የለም። አንድም ቀን ያልኖርኩበት ዘመን እንዲህ ይናፍቀኛል፣ ምን ላድርግ?

ፍርሃቱንም ወርሻለሁ። አዳማ ስማር የዶርም ጎረቤቴ ሳሙና ልትዋስ በጠዋት አንኳኳች። እያለቀስኩ ከፈትኩላት። ደንግጣ ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ። ሳሙናውን ሰጥቻት በሩን ዘጋሁ።

፭

ስልክ። ቅዳሜ ከሰዓት። እኔና ሊያገባኝ የሚፈልገው ናሁሰናይ።

እኔ፦ ሽማግሌዎቹ ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?

እሱ፦ ከሰዓት ብያቸዋለሁ እኮ፣ እንደነገርሽኝ።

እኔ፦ በእናትህ፣ በጠዋት እንዳይሆን።

እሱ፦ ጋሽ ድልነሳው ትንሽ አጉረመረሙ። «ለመልካም ነገር በማለዳ ነው የሚኬደው» አሉ።

እኔ፦ ናሁ!

እሱ፦ እሺ ብለዋል* በቃ። አታስቢ። ለእማማ ነገርሻት?

እኔ፦ ከሰዓት እንግዳ ይመጣል ብያታለሁ። የምን እንግዳ እንደሆነ ነገ ቁርስ ላይ እነግራታለሁ። እሷ ካልመረቀችኝ አላገባህም፣ ታውቃለህ።

እሱ፦ አውቃለሁ። እኔም ያለ እሷ ምርቃት አልወስድሽም።

* የሽማግሌ እሺ የልጁን አፍ ለመዝጋት ነው እንጂ ለመታዘዝ አይደለም። ይህን እኔም ናሁሰናይም ማወቅ ነበረብን።

፮

እሑድ። ጋሽ ድልነሳው ኪዳን አድርሰው፣ ሁለት ባልንጀሮቻቸውን አስከትለው፣ ከቤተ ክርስቲያን በዚያው መጡ።

ሦስት ሽማግሌዎች።

ነጭ ነጠላ።

ጎህ።

አንኳኩ።

፯

እኔ ጓዳ ነበርኩ። እናቴ በሩን ስትከፍት ሰማሁ። ከዚያ፦

«መጣችሁ?»

«እንደምን አደርሽ፣ እመት እማዋይሽ» አሉ ጋሽ ድልነሳው። «ከደጅሽ የቆምነው…»

«ቆያችሁ። እናቴ እንኳን ሳትሰማ ሞተች። ግድ የለም፣ መጥታችኋል። ግቡ።»

መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። እኔም የጓዳው መጋረጃ ጋ ደረስኩ፤ ግን ለቅሶዋን አልቀደምኩትም።

«ወንድምዓለም! ኧረ ወንድምዓለሜ!»

ጎረቤቱ ሁሉ እየሮጠ መጣ። ምን ተፈጠረ ብሎ የጠየቀ የለም። እነሱም ከእሷ ጋር ሲጠብቁ ኖረዋል። ወተት የምታመጣልን ሴት ማሰሮዋን አስቀምጣ መሬት ላይ ተዘረጋች። እናቴ ደረቷን እየደቃች ጥላዬን ጠራች፣ አያቴን ጠራች፣ በመጨረሻ የአባቴን ስም ጠራች። ለአባቴ ስታለቅስ ሳይ እኔም አላስቻለኝም።

፰

አሁን አንተም ና፣ መጋረጃው ጀርባ አብረኸኝ ቁም።

ሽማግሌዎቹን እያቸው። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሦስቱም ቆመዋል። ሰው «ኧረ ተቀመጡ» እያለ ነጠላቸውን ይጎትታል። ጋሽ ድልነሳው ላብ አጥምቋቸዋል። እውነቱን ቢናገሩ ይህች ሴት መርዶ ሳይመጣ ወንድሟ ላይ አልቅሳለች ማለት ነው፤ በገዛ እጄ አሟረትኩበት ብላ እንደገና ልትጠብቀው ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ ያላዩትን ሞት መሰከሩ። እኔም ምርቃቴን በዚህ ውሸት ላይ ልቀበል ነው።

ለቅሶው በረድ አለ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀመጠች።

«በሉ አሁን ንገሩኝ። የት ወደቀ? ማን ቀበረው?»

ጋሽ ድልነሳው ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ልጄ፣ ነይ ውጪ።»

ወጣሁ።

«እኛ ለምን እንደመጣን አንቺ ታውቂያለሽ። እናትሽም ያንቺ ናት። ንገሪያት።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል። ፊቷ ግን አርፏል፤ በሕይወቴ እንዲህ አርፎ አይቼው አላውቅም።

«ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ» አለችና እጇን ዘረጋችልኝ።

፱

እጇን ያዝኩ።

«እማዬ፣…»