አንጁሎ ያልላከው ሰው

ደግፌና አንጁሎ ሶዶ ውስጥ በአንድ ክፍል ተምረው ይደጉ እንጂ፣ ጠባያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር። ደግፌ ሠርግ ይቀርጻል፤ ቀልጣፋና ተጫዋች ነው፤ የሙሽራይቱን እናት እንኳ «ትንሽ ወደ ግራ፣ እትዬ!» እያለ ያዛል። አንጁሎ ደግሞ የፊልም ድምፅ ቀጂ ነው፤ ጆሮውን ሲያሠራ ስለሚውል ነው መሰል፣ በአፉ አይቸኩልም። «አዎ» ለማለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ አንዴ ካለ ግን አዲስ አበባ ያሉት ፊልም ሠሪዎች ሌላ ማስረጃ አይጠይቁትም።

ዲምቱ ከተማ አካባቢ ፊልም ሊቀረጽ ነው፣ አንድ ረዳት የካሜራ ባለሙያም ይፈለጋል የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ደግፌ ለአንጁሎ በቴሌግራም ጻፈለት፤ የፊልሙ ሥራ አስኪያጅ ለሆነችው ለማኅሌት ስሙን እንዲያነሣለት ነበር ልመናው። «የቀረጽከውን ላክልኝ፤ አይቼ እነግርሃለሁ» የሚል መልስ መጣ። ደግፌ የሚላከውን ሲመርጥ አንድ ቀን አለፈ። ቦታው እንዳያመልጠው ሰጋ። የማኅሌትን ቁጥር ከሌላ ሰው አፈላልጎ ሦስት ቃል ጻፈላት፦ «አንጁሎ ነው የላከኝ።»

ከምሳ በፊት መልሱ ደረሰው። «የአንጁሎ ሰው ከሆንክ ሰኞ ዲምቱ እንገናኝ።»

ዓርብ ዕለት መናኸሪያው አጠገብ ከአንጁሎ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ደግፌ መሸሻ አጣ።

«ማኅሌት ጋ ደውዬ ነበር» አለ አንጁሎ፣ እንደ ልማዱ ረጋ ብሎ። «ካሜራ የምትይዘዋን የበዴሳዋን ልጅ፣ ትዕዛዝን፣ ታውቃታለህ አይደል? ሥራዋን ሁለት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። ለቦታው ስሟን ላነሣላት ስል፣ ‹የላክኸውን ልጅ ተቀብያለሁ እኮ፤ ቦታው ሞልቷል› አለችኝ።»

ደግፌ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተስ ምን አልክ?»

«ዝም አልኩ። ውሸታም ነው ልበላት?»

«ቸኮልኩ፣ ወንድሜ።»

«አንተማ ቃል ኪዳኑ ሳይፈጸም ኬክ የምታስቆርስ ሰው ነህ!» አለና አንጁሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። ከቦርሳው የሌንስ መሸፈኛ አውጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። «የዲምቱ አቧራ አይቻልም። ያዝ።»

ቢሰድበው ኖሮ ደግፌ መልስ አያጣም ነበር። መሸፈኛውን ግን ምን ብሎ ይመልስለት? ቤት ገብቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ አውጥቶ ኪሱ ውስጥ አደረገው፤ እንደገና ወደ መሳቢያው መለሰው። የሰው ስም እንደ ተዋሱት ልብስ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ አጥበው አይመልሱትም።

እሑድ ጠዋት እናቱ ወይዘሮ ሚርያም በጉባኤው ፊት ለምስክርነት ቆሙ። «ጌታ ለልጄ የማንንም ደጅ ሳያስጠናው በሩን ከፈተለት!» ሲሉ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። በሩን ማን እንደከፈተው፣ በማን ቁልፍ እንደከፈተውም የሚያውቀው ደግፌ፣ ጫማውን እያየ ቆየ።

ለምሳ የተቀቀለ የቦይና ሥር ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ቀረበ። አባቱ አቶ ቶማ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«ንጉሥ የሚሆን ተዋናይ ከጠፋቸው ንገራቸው» አሉ ሆዳቸውን እየደባበሱ፤ «ይኸው፣ የተዘጋጀ አለ!»

«ቦርጭ ያነገሠው ማንን ነው?» አሉ ወይዘሮ ሚርያም። «አንተ ደግሞ ብላ እንጂ ልጄ! ምነው ጉርሻው አልወርድ አለህ?»

ደግፌ እጁን ከትሪው ላይ አነሣ።

«ሰኞ ዲምቱ አልሄድም» አለ።

እናቱ ቀና ብለው አዩት።

«አንጁሎ አልላከኝም። ልኮኛል ብዬ ዋሽቼ ነው ሥራውን ያገኘሁት፤ ቦታው ለሌላ ሰው የታሰበ ነበር። ከዚህ ስነሣ ለማኅሌት ደውዬ እውነቱን እነግራታለሁ፤ አንጁሎ ዝም ያለው እኔን ላለማዋረድ እንደሆነም እንድታውቅ እፈልጋለሁ። የማንንም ስም አልጠራላትም፤ የሚጠራው አንጁሎ ራሱ ነው፤ ለእሱ እንድትደውል ብቻ እለምናታለሁ። እማዬ፣ በሚመጣው እሑድ ደግሞ ጉባኤው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ።»