ዜማ ንስሐ አይገባም

ሰምሃል ለፋሲካ የመረጠችው መዝሙር ከአምስት መቶ ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ የተደረሰ፣ አራት ድምፅ ያለው ጸሎት ነበር። ያለ ፒያኖ፣ ያለ ከበሮ፣ በሰው ጉሮሮ ብቻ የሚዜም። ኮሌጅ ሙዚቃ ስታጠና ዘምራዋለች፤ አሁን ሬድመንድ ከተማ ሶፍትዌር ስትፈትሽ ስትውልም ከጆሮዋ አልወጣም። ቃሉን በአማርኛ "ጌታ ሆይ ማረን" አድርጋ ሲያትል ላለው የቤተክርስቲያኗ ኳየር አመጣችው።

ዊንተሩን ሙሉ ታገለች። ኳየሩ የለመደው አንድን ዜማ አብሮ መዘመር ነው። እዚህ ግን አራቱም ድምፆች በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሳል። ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ የያዙት አልቶዎቹ በየቅዳሜው ከፍ ወዳለው የሶፕራኖዎቹ ዜማ እየሾለኩ ይገባሉ።

"ሄዋን፣ የነሱን አትስሚ" ትላለች ሰምሃል።

"አጠገቤ ቆመው እንዴት ነው የማልሰማው?" ትላለች ሄዋን፣ ከአልቶዎቹ አንዷ።

ያልተንገዳገደው ቀጭኑን የወንድ ድምፅ የያዘው ቴነሩ ታምራት ብቻ ነው። ሌሎቹ ከላይና ከታች ሲሯሯጡ እሱ የራሱን ዜማ እያስረዘመ በዝግታ ይሄዳል። ኦበርን ወደሚሠራበት መጋዘን ሲመላለስ መኪናው ውስጥ ይለማመዳል።

ፋሲካ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ መዝሙሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቋረጥ አለቀ። ከኋላ ተቀምጠው ሲሰሙ የነበሩት የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ጋሽ ገመዳ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ተባረኪ ልጄ። ታምራት ግን ለምንድነው እንዲህ የሚጎትተው?"

ሰምሃል ደስ ብሏት ስለነበር ሁሉንም ነገረቻቸው። የቴነሩ ዜማ በዚያ ዘመን አገሬው ሁሉ የሚያውቀው የፍቅር ዘፈን ነበር፤ ደራሲው ወስዶ አዘገየውና ጸሎቱን በዙሪያው ገነባ።

"ዘፈን ነው?" አሉ ጋሽ ገመዳ።

"ነበር። አሁን ጸሎት ነው፤ እርስዎም ሰምተውታል።"

"ዜማው ግን ያው የዘፈኑ ነው።"

"ጋሼ፣ ዘፋኝ ንስሐ ገብቶ ዘማሪ ሲሆን እልል ብለን እንቀበል የለ?"

"ሰው ንስሐ ይገባል። ዜማ ንስሐ አይገባም።"

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው። ቢቆጡ ትቆጣ ነበር። ጥቂት አሰቡና ሊረዷት ፈልገው፣ "ኦኬ፣ የታምራትን ብቻ ተይው። ሦስቱ ይበቃል፤ መዝሙሩ ያምራል" አሉ።

"ሌሎቹ የቆሙት እኮ በእሱ ላይ ነው።"

"እግዚአብሔር ያቆማቸዋል።"

ዞራ ኳየሩን አየች። ታምራት ጃኬቱን እየለበሰ ነበር። መዝሙሩን ጨርሶ ልትሰርዘው ፈለገች፤ ግን ሁሉም ዘመዶቻቸውን ጠርተዋል፣ ስንት ቅዳሜ ለፍተውበታል። እሺ አለች። እሺ ማለቷም ሳምንቱን ሙሉ ሲያበግናት ሰነበተ።

የፋሲካ ዕለት ሶፕራኖዎቹ በደንብ ጀመሩ። አልቶዎቹ ግን ድምፃቸውን የሚቀበሉት ከታምራት ነበር። ሄዋን አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው፤ ከዚያ በግምት ገባች። ወፍራሙን የወንድ ድምፅ የያዙት ባሶቹ ከእሷ ጋር ተጋጩ። ሰምሃል እጇን አንስታ አስቆመቻቸውና እንደገና አስጀመረች። በሁለተኛው እንደምንም ተጎትተው ጨረሱ፤ መዝሙሩ ግን መሀሉ ባዶ ነበር። ምእመናኑ አሜን ብለው አጨበጨቡ።

"አየሽ፣ ምንም አልጎደለውም" አሏት ጋሽ ገመዳ በሩ ላይ።

"ጎድሎታል፣ ጋሼ።"

እሳቸው የሌላ ሰው እጅ እየጨበጡ ስለነበር አልሰሟትም።

ታምራት መኪናውን ፓርክ ያደረገበት ድረስ ተከትላው ሄደች።

"ዳውንታውን የዚህን ዓይነት መዝሙር ብቻ የሚዘምር ኳየር አለ። ቴነር ይፈልጋሉ። ኮል ላድርግላቸው?"

"እነሱ ጋ ምን እሠራለሁ?" አለ ታምራት። "እኔ መዘመር የፈለግኩት እዚህ ነው፤ እናቴ ፊት። ከቱክዊላ ድረስ ይዣት የመጣሁት ለዚህ ነበር።"

"እንደማትዘምር ለእናትህ አልነገርካቸውም?"

"ምን ብዬ?"

እናቱ መኪናው ውስጥ ቀበቶ አስረው ተቀምጠዋል። ሰምሃልን ሲያዩ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

"እንኳን አደረሰሽ ልጄ። የታምራት ተራ መቼ ነው?"

"እንኳን አብሮ አደረሰን፣ እማማ" አለች ሰምሃል። ታምራት መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ ቀና ብሎ ሳያያት ሞተሩን አስነሳ።