ሦስት ጣት የጎደለው አገልግል

እኔ ንግሥቴ ቁጡ ነኝ። ይህን የማያውቅ ሰው መካነ ሰላም ውስጥ ካለ እንግዳ ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ ሰው ለማስነጠስ በርበሬ አያሻሽም» ይለኝ ነበር። ቁጣዬ ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ክፋት የለበትም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። አሁን እንዲያ አልልም። ለእኔ በረደ እንጂ የነካው ሰው ጋ መብረዱን ማን አየልኝ?

ነገሩ የተጀመረው በበግ ነው። ያምና ለፋሲካ ያሰባሁት ሙክት ታርዶ ሆዱ ሲከፈት የፌስታል ጥቅል ወጣ። ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጠምጥሞ የልጅ ራስ ያክላል። እኔ ላሰባው ስለፋ እሱ የሰፈሩን ምሳ መቋጠሪያ ሲበላ ከርሟል! ሥጋው አልጣመኝም። እንጀራው በፌስታል፣ ዳቦው በፌስታል። ትኩስ ሽሮ እንኳ በላስቲክ ዕቃ ይጨመርና ሲከፈት ከሽሮው ይልቅ ላስቲኩ ይሸታል። እናቶቻችን ስንቅ የሚይዙት በአገልግል ነበር፤ በሣር የተሰፋ፣ በቆዳ የተለበጠ፣ ሃያ ዓመት የሚያገለግል። ስፌት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ላይ ነው። «እንግዲያው እኔ እሰራዋለሁ» አልኩ።

ባለ ሱቋ ጎረቤቴ ሩቂያ ሰምታ ሳቀችብኝ። «ያ አላህ! ንግሥቴ ደግሞ ከፌስታል ጋር ልትጣላ ነው? ሰው አለቀብሽ?»

እውነትም ጠቡ ቀላል አልነበረም። ደረቅ ስንቅ የትም ይገባል፤ ጉዱ ወጥ ነው። በመጀመሪያው አገልግል ውስጥ ሸክላ አስገባሁበት፤ ከበደ፣ ወድቆም ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ውስጡን ሰም ቀባሁት፤ ትኩስ ሽሮ ሲገባበት ሰሙ ቀለጠና ከሽሮው ጋር አንድ ሆነ። ሩቂያ ቀምሳ «ጧፍ ጧፍ ይላል!» ብላ ተፋችው። ሦስተኛው ላይ ቅል መጣልኝ። ክብ ቅል አንገቱ ላይ ቆርጬ፣ ውስጡን ፍቄ፣ በወይራ አጥኜ፣ አገልግሉን በቅሉ ልክ ሰፋሁት። ከውጭ የፍየል ቆዳ አለበስኩት፤ ክዳኑን በጠፍር የሚታሰር አደረግሁት። ቅሉ ወጥቶ ይታጠባል፤ የጾሙንና የፍስኩን ለየብቻ ለሚፈልግም ሌላ ቅል ይቀየርበታል። ወጥ ሞልቼ ዘቅዝቄ ያዝኩት፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።

ፈንታሁን የሚባል የወረዳ ባለሙያ አይቶት ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «እትዬ፣ ከሁለት ወር በኋላ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን አለ። ይህን ይዘው ከቀረቡ የመሥሪያ ቦታ ሊሰጥዎት ይችላል፤ ለተማሪ ምሳ የሚያዝም አይጠፋም። ብቻ አንድ ቤተሰብ ወር ሙሉ ተጠቅሞበት መመስከር አለበት» አለኝ። የመሥሪያ ቦታ! ለሃያ ዓመት ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየቀቀለኝ ስሰፋ ለኖርኩት ለእኔ።

ቤተሰብ ሲለኝ ቀድማ የታየችኝ አልታዬ ናት። ከእኔ ቤት ሦስተኛው ቤት ነው የምትኖረው። ይሄነው የሚባለው ባሏ ሰሊጥ አጭዳለሁ ብሎ መተማ ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። እሷ የእህል ነጋዴ መጋዘን ውስጥ እህል እያበጠረች ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። ቀትር ላይ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመጡና መጋዘኑ ደጅ ከእናታቸው ጋር ይበላሉ። ዝምተኛ ናት። የተስማማነውም ለዚያ ይመስለኛል፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች።

ባዶ ዕቃ ለሰው አይሰጥምና ቅሉን ሽሮ ሞላሁት፣ ከላዩ እንጀራ አጣጥፌ ደረብኩበት፣ እስከ አፉ ሞልቼ ወሰድኩላት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ዙሪያውን ዳሰሰችው።

«እንዴት ያምራል! እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግን አልተለቀም?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አገልግሉ። ትንሽ አነስ ቢል...»

«አይ አንቺ! የቤተሰብ ዕቃ እኮ ነው፤ የወፍ ጎጆ አደረግሽው እንዴ? ያየው ሁሉ እዚህ ቤት ጥጋብ አለ ይበል እንጂ!»

አፏን ሸፍና ሳቀች። ሙያዬን ልታስተምረኝ ነው ብዬ እኔም ሳቅሁባት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ኃጢአቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በእኛ ሰፈር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ሞልቶ የመጣ ሞልቶ ይመለሳል፤ ቢያንስ ታቹ እንዳይታይ ይደረጋል። ያምና አንዲት ጎረቤት ሌማቴን ባዶውን ብትመልስልኝ ከሰፈር እስከ ገበያ ያልነገርኩት ሰው የለም። «ቤቴን እንደ ቤቷ ባዶ ልታደርገው ነው እንዴ!» እያልኩ ሰው አሳቅሁባት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ያን ቀን ከሚሰሙኝ መሀል አልታዬ ነበረች። ሁሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። ይህ ትዝ ያለኝ አሁን ነው፣ ምን ይረባኛል።

ወሩ ሲያልቅ አልታዬ መሰከረችልኝ። «ጠብ አላለም እትዬ። ልጆቹ ቀትር ላይ ሲከፍቱት ወጡ ሞቅ እንዳለ ያገኙታል» አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። «በይ እንግዲህ አምጪልኝ» ስላት «ነገ» አለች። ነገ አለፈ። ሳምንት አለፈ። በአጥሯ በኩል ተጣራሁ፤ «ትንሽ ቀን ይታገሱኝ እትዬ» አለች። ሁለተኛው ሳምንት፣ ሦስተኛው ሳምንት። ፈንታሁን በስልክ «ናሙናውን መቼ ነው የሚያስረክቡኝ?» ይለኛል። ሌላ እንዳልሰፋ ጊዜው አይበቃም። ደሜ ፈላ። ቤቷ ገብቼ ዕቃዬን ልውሰድ አላልኩም፤ ከሰው ቤት ዕቃ መንጠቅ ነውር ነው። ሴት ልጅን በገበያ መሀል ማዋረዱን ግን ነውር አላልኩትም።

የገበያ ቀን ነበር። አልታዬ መጋዘኑ ደጅ ወንፊቷን ይዛ ተቀምጣለች። ከስታለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። አየሁት እኮ! አይቼ አለፍኩት።

«አልታዬ! ዕቃዬን ልትበዪው ነው?»

ብድግ አለች። «እትዬ፣ ለመጪው ገበያ ይታገሱኝ...»

«መጪው ገበያ፣ መጪው ገበያ! ኤግዚቢሽኑ ደረሰብኝ እኮ! ዓይኔን ያፈሰስኩበትን ሥራ ደበቅሽብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አምኜ የሰጠሁት! ሌባ!»

ገበያተኛው ዞረ። ኩንታል የተሸከመው ጫኚ እንኳ ከነሸክሙ ቆመ። አልታዬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤ የሳቀች መስሎኝ ባሰብኝና የማይደገም ነገር ጨመርኩ። እየሳቀች አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቤቴ ገብቼ ውሃ ስጠጣ ቁጣዬ በረደ። ነገ ሄጄ አባብላታለሁ አልኩ። ነገ ሥራ በዛብኝ።

በአራተኛው ቀን ጧት፣ ጨጓራዬ ነው እያለች የከረመችው ሆዷ ጣላት። ጎረቤት ተሯሩጦ በሚኒባስ አሳፍሮ ወደ ደሴ ይዟት ወጣ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አቀስታ ሳይደርሱ አረፈች። እኔ የሰማሁት ትልቋ ልጇ ሀይማኖት ስትጮህ ነው።

ለቅሶው ላይ ደረቴን ደቃሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ገበያ ላይ ሌባ ያለቻት እሷ ናት እያለ እንደሚያየኝ አውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ሩቂያ እጄን ይዛ «ነይ» አለችኝና ሱቋ አስገባችኝ። ከላይኛው መደርደሪያ አገልግሌን አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከበደኝ።

«ክፈችው» አለች።

ጠፍሩን ፈታሁ። እህል ነው። ከላይ ገብስ ይታያል፤ እጄን ስሰድ ስንዴ መጣ፣ አተር መጣ፣ ምስር፣ ደግሞ ገብስ። ጠጠር የለው፣ እንክርዳድ የለው፣ አንድ በአንድ የተለቀመ ነው። ከአፉ ሦስት ጣት ይጎድላል።

«ነጋዴው የመጋዘኑን ጥራጊ ይተውላት ነበር» አለች ሩቂያ። «ከአፈሩ እየለቀመች ለልጆቹ ታስፈጫለች። ከዚያው ላይ በየቀኑ እፍኝ እያስቀረች እዚህ ትጨምራለች። ልጆቹ እንዳይነኩት ብላ እኔ ጋ አስቀመጠችው። ዕቃሽ እንዳይበላሽ ብላም ልጆቹን ወሩ ካለቀ ወዲህ በፌስታል ነው የምታበላቸው። ከሱቄ ልሙላልሽ አልኳት፤ ወላሂ ብያታለሁ! የራሴ ካልሆነ ምኑን መለስኩት አለችኝ። ለአንቺ እንዳልነግርሽም አስማለችኝ።»

«ባዶውን ብታመጣልኝስ? ምን እላት ነበር?» አልኩ እያለቀስኩ።

«ባዶውን? ለአንቺ?» አለች ሩቂያ።

ጥፊ ይሻለኝ ነበር። አገልግሉን አቅፌ «አፉ በይኝ አልታዬ፣ እባክሽ ይቅር በይኝ» አልኩ። ሩቂያ «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ትለኛለች፤ እኔ የምፈልገው አልታዬ እንድታውቅ ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ፈንታሁን ቅጹን ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ዕቃው ተገኘ አሉኝ፤ እህሉን ይገልብጡትና ልውሰደው።»

«አልገለብጠውም።»

«የመሥሪያ ቦታው እንዳያመልጥዎ ብዬ እኮ...»

«ያምልጠኝ።»

ልጁ ደግ ነው፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ለሌላ ጊዜ እንዲሆን ቅጹን ብቻ ልሙላ አለና ተቀመጠ። «የተጠቃሚዋ አስተያየት?» አለኝ።

«ጠብ አይልም። ወጥ አያቀዘቅዝም። እህልም ደህና ይይዛል።»

«የታየ ጉድለት አለ?»

«ትልቅ ነው።»

«ለአራት ሰው ልኩ ነው እኮ እትዬ፣ እኔው ራሴ ለክቼዋለሁ።»

«ትልቅ ነው አልኩህ! ተጠቃሚዋ ገና የሰጠኋት ዕለት ነግራኛለች፣ አልሰማኋትም። ጻፍ!» ጮህኩበት፣ ከዚያ ማልቀስ ያዝኩ። አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።

የአልታዬ እናት እማማ የኔአለም ልጆቹን ለማሳደግ ከደጎሎ መጥተው እዚያው ቤት ገቡ። ለአርባዋ ያን እህል በእሳቸው ፈቃድ ቀቀልኩት፤ ገብሱም ስንዴውም አተሩም አንድ ላይ ንፍሮ ሆነ። ሰው እፍኝ እፍኝ ዘገነ። ሦስቱ ልጆች ግን ጠግበው በሉ፤ የዚያን ቀን ማንም አልከለከላቸውም። እኔ ለሰው ሳዘግን ዋልኩ፤ ለራሴ አልዘገንኩም።

አሁን የምሰፋው ትንንሽ ነው። ቅሉ አንድ እፍኝ ተኩል ቢይዝ ነው። ገበያ ይዤ ስወጣ «የወፍ ጎጆ ነው እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። አልቆጣም። የመጀመሪያዋን ሽሮ ሞልቼ ለልጆቹ ወሰድኩላቸው።

በማግስቱ ሀይማኖት አገልግሏን በሁለት እጇ ይዛ በሬ ላይ ቆመች። ተቀብያት ከፈትኩት። የባቄላ ቆሎ ነው፣ አንዲት እፍኝ ቢሆን ነው። ታቹ አይታይም።

«ሞልቷል እትዬ» አለችኝ፤ አፏንም በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«አዎ ልጄ፣ ሞልቷል» አልኳት።