ጉልላት ያነበበው ስም

ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ዱብቲ የጥጥ እርሻ ሥራ ማግኘቴን ለጉልላት በነገርኩት ማግስት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ከሚሄዱት ዝርዝር ውስጥ ስሜን እንዳነበበ ነገረኝ። አመንኩት። የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር የቀበሌውን ዝርዝር የሚገለብጠው እሱ ነበር። አዋሽ ላይ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን አድገናል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል፤ እኔ ግን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

«ለእናትህም አትንገር፣ ጀማሉ። ዓይኗ ያሳብቅብሃል» አለኝና ከባቡር ጣቢያው ማዶ ከሐዲድ የወጣ አሮጌ ፉርጎ ውስጥ ደበቀኝ።

አዋሽ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን መንገዱ ላይ ሰው አይታይም፤ ሙቀቱ ሁሉንም ጥላ ሥር ይከታል። ጉልላት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ውሃና ምግብ ያስቀምጥና ሳልጠይቀው ይጀምራል። «የቀበሌ ሰዎች ዛሬም እናትህን አፋጠጧት» ይለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ «የጠቆመብህ ከድሩ ነው» አለኝ። ከድሩ ከሱ ሌላ የነበረኝ ብቸኛ ጓደኛ ነው። እያወራ ፊቴን ያጠናል። ስርበተበት እጄን ይዞ «እኔ አለሁልህ» ሲለኝ እንደ ሕፃን አለቅስለታለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ኮቴውን በሰማሁ ቁጥር አልሐምዱሊላህ እል ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቀረ። በማግስቱም አልመጣም። ውሃው አለቀ፤ የፉርጎው ብረት አላስነካ አለ። እዚህ ደርቄ ከምቀር ይውሰዱኝ ብዬ እኩለ ቀን ላይ ቤቴ ገባሁ።

እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችኝ። «ያ ረቢ፣ ጉልላት ጅቡቲ ገብቷል ብሎኝ!»

«የቀበሌ ሰዎች ስንት ጊዜ መጡ?» አልኳት።

«አንዴ ነው የመጡት፣ የሰፈሩን ወጣት ሁሉ ሊመዘግቡ። አባቱ የለም፣ ጧሪዬ እሱ ብቻ ነው ብላቸው እሺ፣ ይቀርልሻል አሉኝ። ብቻ ራሱ ቀርቦ ይመዝገብ፤ ያልቀረበ እንደ ኮብላይ ይቆጠራል አሉ። ለጉልላት ነግሬው ነበር እኮ፣ ልጄ። ምዝገባው ትናንት ተዘጋ።»

 ጉልላት አነበብኩት ባለው ዝርዝር ላይ ስሜ ኖሮ አያውቅም። አሥራ ሦስት ቀን የተደበቅኩት ከማንም አልነበረም።

«ፉርጎው ውስጥ አጣሁህ» አለ አንድ ድምፅ። ጉልላት በሩ ላይ ቆሟል፤ የውሃ ጀሪካን ይዟል።

«ምን በደልንህ፣ ልጄ?» አለችው እናቴ።

«ምንም፣ እትዬ ኡሙሀኒ። ደግሞ ይኸው በደህና አለልዎት።» ወደ እኔ ዞረ፤ ቁጣም እፍረትም ፊቱ ላይ የለም። «ያልቀረቡትን ዝርዝር ዛሬ ጠዋት ገለበጥኩት። አሁን ስምህ አለበት። ከሰዓት በኋላ አሰሳ ይጀምራሉ፤ የት የት እንደሚፈተሽ የማውቀው እኔ ነኝ።»

 አንገቱን ልይዘው ፈለግሁ፤ እጄ ግን አልታዘዘኝም። እንደዚያ ቀን ሰው ፈርቼ አላውቅም።

«ዱብቲ የምትለው ነገር ቀርቷል አይደል?» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ።

«ቀርቷል» አልኩት።

ጀሪካኑን ዘረጋልኝ። ጠጣሁ። እናቴ እጅጌዬን ይዛ አለቅም አለች፤ አስለቅቄ ተከተልኩት።