የመሪው ተራ

ርዕሰ መምህሯ ነዳጅ በረገጠች ቁጥር የኋላ ጎማዎቹ አሸዋውን ወደ ላይ እየበተኑ ራሳቸው ወደ ታች ይወርዳሉ። ልብስ ሰፊዋ ከውጭ ቆማ፣ አፏን በሻርፗ ሸፍና፣ “ተዪው፣ አትርገጪው” እያለች እጇን ታወናጭፋለች። ርዕሰ መምህሯ መስታወቱን ዘግታ ስለነበር አልሰማችም፤ ቢከፈትም የምትሰማ አልነበረችም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታዝዝ የኖረች ሴት ናት፤ መኪናም ቢሆን ሲቆጡት የሚታዘዝ ይመስላታል። መኪናው ግን አልታዘዘም፤ ሆዱን አሸዋው ላይ ጥሎ ተቀመጠ።

ተራ መኪና ቢሆን ኖሮ ሦስት ሴቶች ተጋግዘው ይገፉት ነበር። ይሄኛው ሦስት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት የተሸከመ ቤት ነው። በረሃውን ሊያቋርጡበት ለአራት ቀን ተከራይተውት፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ከመምሸቱ በፊት በረሃው ሲያልቅ ከምትገኘው ከተማ ደርሰው ማስረከብ አለባቸው።

ከአስፋልቱ ሃምሳ እርምጃ ያህል የወጡት ለፎቶግራፍ ነው። ርዕሰ መምህሯ የጉዞውን ፕሮግራም በላስቲክ አስለብጣ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፤ “ከረፋዱ አራት ሰዓት፦ ፎቶ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ” ይላል። አራት ሰዓት ሲሆን የስልኳ ማንቂያ ደወል ጮኸ፤ እሷም መሪውን ጠመዘዘች። መሬቱ ይችል እንደሆነ ወርዶ ያየ የለም። ጓደኞቿ ከተማሪነት ጀምሮ “ደወል” የሚሏት ያለ ነገር አይደለም።

ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባት ግን አሸዋው አይደለም፤ ተራዋ ነው። በሃምሳ አንድ ዓመቷ፣ ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው፣ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ፔዳል ስትረግጥ ኖራ አንዲት ክንድ ወደፊት ፈቀቅ ብላ አታውቅም። ጉዞው ሲታሰብ ተራ በተራ እንነዳለን ተባብለው ነበር፤ እሷም የመጣችው ለዚሁ ነው። መንዳት የማትችለው ሦስተኛዋ ጓደኛቸው፣ ፋርማሲስቷ፣ የራሷን ተራ ሳይቀር መርቃላታለች። በሁለተኛው ቀን ግን “ነፋስ አለ” ተባለች። በሦስተኛው “መንገዱ ጠባብ ነው”። ዛሬ ጠዋት ደግሞ “ከምሳ በኋላ”። ከምሳ በኋላ ያለው ከተማ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ “መኪና ይበዛል” እንደምትባል ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

ርዕሰ መምህሯ ወርዳ ጎማውን አየችና የሚጎትት መኪና እስኪያልፍ እንጠብቅ አለች። ለአከራዩ እንዳይደውሉ ኔትወርክ የለም። ፋርማሲስቷ እንደ ልማዷ “ሁለታችሁም እውነት አላችሁ” ብላ ውሃ አዞረች፤ ልብስ ሰፊዋ ስለ መጠበቁ ገና አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር።

መንዳት ያስተማሯት ሽማግሌ በወጣትነታቸው በአሸዋ መሃል ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ናቸው። አሸዋ ጉልበት አይወድም ይሏት ነበር፤ ጎማውን አስተንፍሺ፣ ከሥሩ ነገር አንጥፊ፣ ከተነሳሽ ወዲያ አትቁሚ። ከቦርሳዋ ትንሿን መቀስ አውጥታ የጎማውን የንፋስ መሙያ ቫልቭ በጫፉ ስትጫን ርዕሰ መምህሯ የሰው ንብረት እኮ ነው ብላ ተቆጣች። ልብስ ሰፊዋ አራቱንም እያስተነፈሰች ዞረች። ከዚያ ለጉዞው ብላ ሳምንት ሙሉ የሰፋችውን የጥላ ሸራ አውጥታ ለሁለት ቀደደችው። ያን የመሰለ ድርብ ስፌት። በድስትና በመጥበሻ አሸዋውን ዝቀው ሸራውን ጎማዎቹ ሥር ሲያነጥፉ ሦስቱም ላብ በላብ ሆኑ።

ርዕሰ መምህሯ እጇን አራግፋ ወደ መሪው ወጣች።

“ውረጂ” አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

“አሁን የመለማመጃ ጊዜ አይደለም። እንውጣና ከምሳ በኋላ . . .”

“በኋላ፣ በኋላ ስባል አራተኛ ቀኔ ነው። ውረጂና ከኋላ ግፊ።”

ርዕሰ መምህሯ ዳኝነት ፍለጋ ወደ ፋርማሲስቷ ዞረች። “ሁለታችሁም እውነት አላችሁ” አለች ፋርማሲስቷ። ትንሽ አሰብ አድርጋ ግን “የእሷ ይበልጣል” ብላ ጨመረች። ከተማሪነታቸው ጀምሮ ሲተዋወቁ እንዲህ ስትፈርድ የመጀመሪያዋ ነው።

ሁለቱ ከኋላ ሲገፉ ልብስ ሰፊዋ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታ፣ ስስ ሐር እንደምትሰፋ ሁሉ ነዳጁን ነካ ብቻ አደረገች። ሸራው ሲተረተር ሰማች። መኪናው ተንገዳገደ፣ አንዴ ወደ ኋላ አለ፣ ከዚያ ወጣ። አስፋልቱ ላይ እስኪደርስ አላቆመችም። ደስ አላት፤ ብቻዋን ሆና ጮክ ብላ ሳቀች።

ሁለቱ ድስትና መጥበሻ ይዘው፣ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ፋርማሲስቷ ገብታ አልጋው ላይ ተዘረረች። ርዕሰ መምህሯ በሹፌሩ በኩል በሩን ከፈተች።

“እጅሽ ይባረክ። በይ አሁን ልረከብሽ።”

“አልለቅም። በዚያ በኩል ዞረሽ ግቢ።”

ዞረች፤ ግን አልገባችም። የተከፈተውን በር ይዛ ፀሐዩ ላይ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ያኮረፈችባት መስሏት ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ጓደኛዋ ቀደመቻት።

“ሰው ሲነዳ ከጎን መቀመጥ አልችልም” አለች ርዕሰ መምህሯ። “ከዚያን ቀን ወዲህ ተቀምጬ አላውቅም።”

ያ ቀን ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ባሏ ሲነዳ ከጎኑ ነበረች፤ እሱ አልተረፈም። ለቀብሩ የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ የሰፋችላት ልብስ ሰፊዋ ናት። ሁለት ወር ሳይሞላ መኪና ገዝታ ራሷ መንዳት ስትጀምር ሁሉም ድፍረቷን አደነቁላት። ለካ ድፍረት አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ አዘነች፤ ንዴቷ ግን ለሐዘኑ ቦታ አልለቀቀም።

“ታዲያ ይህን ማለት አቅቶሽ ነው ነፋስ አለ፣ መንገድ ጠባብ ነው ስትዪኝ የሰነበትሽው? ከምትነጥቂኝ ብትነግሪኝ ወድጄ አልሰጥሽም ነበር?”

“ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም።”

ልብስ ሰፊዋ እጇ በሩን ሊከፍት ሄደና መለሰችው። ዛሬ ከለቀቀች ሌላ ቀን የለም።

“ግቢ” አለች። “ጎማው ንፋስ የለውም፤ ማደያ እስክናገኝ በሠላሳ ነው የምሄደው። ቁሚ ስትዪኝ እቆማለሁ።”

ርዕሰ መምህሯ ገባች። ቀበቶዋን አሰረችና ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጇ ጨበጠች። ገና ጥቂት እንደሄዱ “ቁሚ” አለች፤ ወርዳ ተነፈሰችና ተመለሰች። ቆይታ ደግማ አስቆመች። ከኋላ የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ጥሩምባቸውን እያስጮሁ ያልፏቸዋል፤ አንዱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ በእግር ብትሄዱ ይሻላችኋል አላቸው። ልብስ ሰፊዋ በልቧ የሁሉንም ዘር ማንዘር ረገመች። መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ እግሯ ነዳጁን መርገጥ አምሮታል።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ከፊታቸው ማደያ ብቅ አለ። ፋርማሲስቷ ከእንቅልፏ ነቅታ በመስኮት አየችና “ማደያ አለ፤ ንፋስ አንሞላም?” አለች።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጎን ዞር ብላ አየች። ርዕሰ መምህሯ አንድ እጇን ከእጀታው አውርዳ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። ሌላው አሁንም እንደጨበጠ ነው። ጎማው ከተሞላ ቀስ ብሎ ለመሄድ ሰበብ አይኖርም።

“ወረፋ አለ” አለች ልብስ ሰፊዋ።

ማደያው ውስጥ አንድም መኪና አልነበረም። በሠላሳ አለፈችው።