የሲልቬር የመጨረሻ ወይን

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ብቻ ገርበብ አድርጉልኝ፤ ይህ የጥር ነፋስ ለሽማግሌ ጉልበት አይራራም። የዛሬው ወሬዬ ስለ አልባን ነው፤ እላይ ሰፈር፣ ወይን ማሳው አፋፍ ላይ ባለው የድንጋይ ቤት ስለሚኖረው። በሚስቱ ወዳጅ የሚቀና አይቻለሁ፤ በወንድሙ፣ በጎረቤቱ ማሳ የሚቀናም አይቻለሁ። በሞተ ሰው የሚቀና ግን ከአልባን ሌላ አላየሁም።

የቅዱስ ቪንሰንት ዕለት ነበር፤ የእኛ የወይን ገበሬዎች በዓል። ከቀትር በኋላ አልባን ምድር ቤት ወርዶ፣ በግራ እጁ ባትሪ፣ በቀኝ እጁ አንድ አሮጌ ጠርሙስ ይዞ ብርሃኑን ከጀርባው እያበራ ያያል። ወይኑ ጎድሏል። አንገቱ ድረስ መሙላት የነበረበት ወርዶ ትከሻው ላይ ቆሟል። ሌላ አነሳ፤ እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲያነሳ ጣቱ ተጣበቀ። ከቡሹ ሥር የጀመረ ጥቁር ጅረት ጠርሙሱን ይዞ እስከ ታች ወርዶ ደርቋል። ማንም ሳያየው ሲያለቅስ ከርሟል ማለት ነው።

"ሞቷል" አለ አልባን ለራሱ።

ይህን ሲል ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለው። ደስታ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲልቬር የአልባን ሚስት የኖኤሊ የመጀመሪያ ባል ነው። የመጨረሻው መኸር ወይን ገና በገንዳ ሲብላላ እሱ አረፈ። ያ ወይን በጠርሙስ ተሞልቶ በምድር ቤቱ የመጨረሻ ጥግ ተጋደመ። አልባን ደግሞ ከዓመታት በኋላ ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ሻንጣና የወይን መግረዣ መቀሱን ይዞ መጥቶ ኖኤሊን አገባ። ቤቱ የሲልቬር ነው፣ ማሳው የሲልቬር ነው፣ አልጋውን እንኳ የሠራው የሲልቬር አጎት ነው። ይህን ሁሉ ችሎ ኖረ። ያልቻለው ወይኑን ነው።

በየዓመቱ በቅዱስ ቪንሰንት ቀን የሲልቬር የቀድሞ ወዳጆች ኖኤሊ ቤት ይሰበሰቡና ከዚያ ወይን አንድ ጠርሙስ ይከፈታል። ጸንቶ እንደሆነ፣ ደክሞ እንደሆነ ይቀመሳል። በየዓመቱም "ኧረ ይሄ ሰውዬ! ካምናው በለጠ እኮ!" ይባላል። የሚቀዳው ማን ነው? አልባን።

እስቲ ፍረዱ ልጆቼ። በሕይወት ያለ ሰው በየዓመቱ ጥርሱ ይረግፋል፣ ወገቡ ይጎብጣል፣ ጨዋታውም ይሰለቻል። ይሄ ሰውዬ ግን መቃብር ውስጥ ተኝቶ በየዓመቱ ይሻሻላል። ከእንዲህ ያለ ባላንጣ ጋር ማን ይታገላል?

አልባንም እኮ ወይን ይሠራል። ከዚያው ማሳ፣ ከዚያው ተክል። የእሱን ወይን በምግብ መሐል ይጠጡታል። አምና ከሲልቬር ወዳጆች አንዱ፣ ሽማግሌው ጊሌም፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ "የአንተም ክፉ አይደለም አልባን፤ ባቄላ ያወርዳል" ብሎት ነበር። ሰዎቹ ሳቁ። አልባንም ሳቀ። ሌሊቱን ግን ያቺን ባቄላ ሲያላምጣት አደረ።

በመኸር ጊዜ ኖኤሊ፣ "የነዚያ ጠርሙሶች ቡሽ አርጅቷል። አንዱን እንክፈትና በእሱ ሌሎቹን እንሙላ፤ አዲስ ቡሽም እንምታላቸው" ብላው ነበር። አሮጌ ወይን እንዲህ ነው የሚጠበቀው፤ የጎደለው በገዛ ወንድሙ ይሞላል። አልባን "እሺ፣ ነገ" አለ። ነገ ሳምንት ወለደ። ከዚያ ቅጠሉ ረገፈ፣ የወይን ገረዛው ደረሰ። ረስቶት እንዳይመስላችሁ። አንድም ቀን አልረሳውም።

አሁን ያለቀሰውን ጠርሙስ ጉልበቱ መሐል ይዞ ቡሹን ሳበው። ቡሹ እንደ እርጥብ ዳቦ ተፈረካከሰ። አፍንጫውን ሲያስጠጋ ሽታው ወጋው፤ ጥርት ያለ ኮምጣጤ።

"ኧኸ" አለ። "ዛሬ እንግዲህ ይቅመሱልኛ።"

ከበስተኋላው ደረጃው ተንቋቋ። ኖኤሊ ናት፤ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እጇ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ምድር ቤቱ ግን ከነጭ ሽንኩርት የባሰ ሽታ ነበረው።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ቡሹ ነው። አፍስሷል።"

"ቡሹ?" አጠገቡ መጥታ ጠርሙሱን ተቀበለችው። አሸተተችና መለሰችለት። ከዚያ ባትሪውን ነጥቃ የቀሩትን አንድ በአንድ አየች። "ሁሉም ጎድሏል። አልባን፣ በመኸር ምን ብዬህ ነበር?"

"ሥራ በዛብኝ እኮ ኖኤሊዬ። ገረዛው..."

"ለጊሌም ውሻ ቤት ስትሠራ ሥራ አልበዛብህም ነበር።"

አልባን የተፈረካከሰውን ቡሽ ከጉልበቱ ላይ አራገፈ።

"እኔን እየኝ። እንዲበላሽ ፈልገህ ነው?"

"ወይን ነው፤ ያረጃል። እኔ ምን ላድርግ?"

"እየኝ አልኩህ!"

ቀና ብሎ አያት። ሰው በስልሳ ዓመቱ ከጓዳ ስኳር ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ ፊት ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ነበረው።

"አዎ" አለ። "ፈልጌ ነው። እንግዲህ ይውጣልኝ። በየዓመቱ በገዛ እጄ እየቀዳሁለት፣ በገዛ ጆሮዬ ሲወደስ እየሰማሁ... በሕይወት ቢኖር እኮ እታገለው ነበር! ሲያኮርፍ ታዪው ነበር፣ ሲያንኮራፋ ትሰሚው ነበር፣ መላጣ ይሆንልኝ ነበር! የሞተ ሰው ምን ይደረጋል? አይሳሳት፣ አያረጅ!"

"ያንኮራፋ ነበር" አለች ኖኤሊ። "ካንተ ይብስ ነበር።"

"አታሹፊብኝ።"

"አላሾፍኩም።" በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። "አንተ የምትቀናው በዚህ ወይን ነው አይደል?"

"በሌላ በምን?"

"ይህን ወይን ሲልቬር አልሠራውም።"

አልባን አልገባውም። "ጎረቤት እንደለቀመለት አውቃለሁ። ጊሌም ሁሌ ይለዋል፤ እኛ ለቀምን፣ እሱ ካልጋው ሆኖ አዘዘ..."

"ካልጋው ሆኖ!" ኖኤሊ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደረቅ ነው። "ካልጋው ሆኖ እኔን እንኳ አይለይም ነበር። እናቴ እያለ ነበር የሚጠራኝ። እነሱ ለቅመው ገንዳው ውስጥ ገልብጠው ሄዱ፤ እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ማን ገባ እዚህ? ጠዋት ማታ ሆስፒታል እየተመላለስኩ፣ በዚያ መሐል እየወረድኩ ልጣጩን በእንጨት ወደ ታች የምደፍቀው እኔ ነበርኩ። ሲልቬር ቢሆን ከሳምንት በላይ አያቆየውም፤ ጨምቆ ያወጣው ነበር። እኔ ግን ረሳሁት።"

"ረሳሽው?"

"ሞተብኛ! ቀበርኩት። ለቅሶ ተቀመጥኩ። ትዝ ብሎኝ ስወርድ ወይኑ ከነልጣጩ፣ ከነፍሬው ከወር በላይ ተቀምጧል። ጠቁሯል። ስቀምሰው ምላሴን እንደ ጥፍር ቧጠጠኝ። የሰውዬውን የመጨረሻ ወይን አበላሸሁ ብዬ እዚሁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማንም እንዳያየው ነው ያንን ጥግ የመረጥኩት። ደፍሬ እስክከፍተው ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ታውቃለህ?"

አልባን ወይን ያውቃል። ከልጣጩና ከፍሬው የወጣው ያ ሁሉ ጥፍር፣ ያ ሁሉ ምሬት ነው ወይኑን እስከ ዛሬ ያቆየው። በሳምንቱ የተጨመቀ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ሞቶ ነበር።

"ለእነ ጊሌም ለምን አልነገርሽም?"

"የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲከፈት ጊሌም ቀመሰና 'ሲልቬር ተመልሶ መጣ' ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በዚያ ላይ ምን ብዬ ልናገር? የለም፣ ይሄ የእኔ ስህተት ነው ልበል? ከዚያ ዓመት ዓመትን ተካ፣ ለመናገር ረፈደ።"

"ለእኔስ?"

"መቼ ጠየቅከኝ?" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ካገባኸኝ ጀምሮ የምትጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። ሲልቬር ወይኑን እንዴት ይገርዝ ነበር? ሲልቬር ይስቅ ነበር? ሲልቬር ሾርባው ላይ ምን ይጨምር ነበር? አንድ ቀን 'ኖኤሊ፣ ያን ጊዜ አንቺ ምን ትሠሪ ነበር?' ብለኸኛል?"

አልባን ወደ ጥጉ ዞረ። ብዙም ያልጎደለ አንድ ጠርሙስ መረጠና ሳያነቃንቅ፣ አተላው እንዳይነሳ ቀስ ብሎ ከፈተው። ብርጭቆ ላይ ጠብ አድርጎ ለእሷ ሰጣት። እሷም ቀምሳ ብርጭቆዋን ለእሱ አሳለፈችለት።

በፊት በፊት ሲቀምሰው አፉ ውስጥ ይገባ የነበረው ሲልቬር ነበር፤ ስለዚህ ቀምሶት አያውቅም ማለት ይቻላል። አሁን ቀመሰው። በመጀመሪያ የተዘጋ ቤት ሽታ አለው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይከፈታል፤ የደረቀ በለስ፣ ከኮረብታችን ላይ የሚነቀለው ጦስኝ፣ ከሥሩ ደግሞ የአሮጌ ቆዳ ነገር። ያ ጥፍር የተባለው ሁሉ ለስልሶ ሐር ሆኗል። መጨረሻው ላይ ብቻ ትንሽ ድካም አለው፤ ዳገት ወጥቶ እንደሚያርፍ ሰው።

"ደክሟል" አለች ኖኤሊ።

"ትንሽ። ቡሹ ቢቀየርለት ገና ይቆያል።"

"እንግዲህ ያ ያንተ ፋንታ ነው።"

ሠሩ። እሷ ከተከፈተው ጠርሙስ እየቀዳች የጎደሉትን እስከ አንገታቸው ሞላች፤ እሱ አዲስ ቡሽ እየመታ አተመ። ቅናቱ ለቀቀው እንዳይመስላችሁ፤ ቅናት እንደዚያ በቀላሉ ከሰው አይወጣም። መልኩን ለወጠ እንጂ። አሁን የቀናው፣ እሷ ብቻዋን እዚያ ደረጃ ላይ ስታለቅስ እሱ ወንዝ ማዶ ተኝቶ በነበረባቸው ቀናት ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ እንግዶቹ መጡ። ምድጃው ውስጥ የወይን ጭራሮ ይነዳል፤ ነጭ ባቄላና የዳክዬ እግር በሸክላው ድስት ይንተከተካል። ጊሌም እንደ ወትሮው ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠና፣ "የት አለ ሰውዬው? ዘንድሮም አልሸሸንም?" አለ።

አልባን ለዛሬ የተለየውን ጠርሙስ ከፈተ። በጠባብ ማንቆርቆሪያ ገለበጠው፤ ጥቁሩ አተላ አንገቱ ጋ ሲደርስ አቆመ።

እዚህ አገር አንድ ደንብ አለ። የመጀመሪያዋ ብርጭቆ የሠሪው ናት። ሠሪው ከሌለ በባዶ ወንበሩ ፊት ትቀመጣለች፤ ማንም አይነካትም። ጊሌም ብርጭቆዋን ራሱ ወደ ባዶው ወንበር አስጠጋ። "በል ሙላለት ልጄ። እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ፤ ይሄ ያንተ የባቄላ ወይን አይደለም።"

ሳቁ።

አልባን ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቆመ። ኖኤሊ ድስቱን ተሸክማ ማድ ቤቱ በር ላይ ነበረች። ዓይኗን አየ። ራሷን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነቀነቀች፤ ተወው ማለቷ ነው።

አሁን ቢናገር ሲልቬርን ይጥለዋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በሰው ፊት። ይህ ሁሉ ዓመት ሲመኘው የኖረው አልነበረም? ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለማን ብሎ ነው የሚናገረው? እሷን ለማንሳት ወይስ እሱን ለመጣል? ራሱን ጠየቀና መልሱን እርግጠኛ አልሆነም። ዝም ቢልስ? ዝም ቢል ደግሞ እሷ በየዓመቱ ድስት ይዛ በር ላይ ትቆማለች።

ብርጭቆዋን ከባዶው ወንበር ፊት አነሳት። ሞላት። ጠረጴዛውን ዞረ፣ ድስቱን ከኖኤሊ እጅ ተቀበለና በምትኩ ብርጭቆዋን አስያዛት።

"ኧረ ተሳሳትክ አንተ ሰው!" አለ ጊሌም። "የሠሪው ናት እኮ!"

"አልተሳሳትኩም ጋሽ ጊሌም።"

"እንዴት?"

አልባን የሚንተከተከውን ድስት እንደያዘ፣ ሙቀቱ መዳፉን እየፈጀው፣ "እኔን አይጠይቁኝ" አለ። "እሷን ይጠይቋት።"

ጊሌም በመጨረሻ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ወደ ኖኤሊም ዞረ።

የተናገረችው ያንኑ ምድር ቤት ለአልባን የነገረችውን ነው፤ ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። ወይኑ አንድ ቀን ያልቃል፤ ሰዉም ዛሬም ድረስ በልማድ "የሲልቬር" ማለቱን አልተወም። ስለዚህ ልጆቼ፣ ደክሟችሁም ቢሆን ይህችን አንዲት ነገር ያዙልኝ፤ ስሟ ኖኤሊ ነው። አትርሱብኝ።